ከባሕር ጠለል በላይ ሲባል፣ የትኛው ባሕር?

ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ተሰብስበን ያወራሁት ነው። "ጻፍልን" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ጻፍኩት። እንደ አወራሬ ነው የተውኩት፤ የተጠየቅኩትንም ከነመልሱ ጨምሬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ሳሩ ላይ ተቀመጡ፣ ደረቅ ነው። ፕሮጀክተር ይዤ ነበር፣ መብራት ግን እንደምታዩት ሄዷል። በአፌ እሞክራለሁ። ምናልባትም ይሻላል፤ ስዕል ሲኖር ሰው አይሰማም።

ይቺን ፌስታል ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ አዙሯት። ውስጧ ያለችው አሞሌ ጨው ናት። ክብደቷን እዩ፣ ጠርዟን ዳብሱ። እንዳትልሷት ብቻ። በኋላ እመለስባታለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ናት?

"1,800!" አለ ከፊት የተቀመጠ ልጅ።

ጎበዝ። ሐይቁ 1,786 አካባቢ ላይ ነው፣ ከተማዋ ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች። ሁላችንም ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። ግን "የትኛው ባሕር? የመቼው?" ብሎ የጠየቀ አለ? ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ፣ እዚህ የተቀመጥንባት መሬት አንድ ስንዝር ሳትንቀሳቀስ፣ መልሱ 1,920 ይሆን ነበር። ከፍ ያለችው እሷ አይደለችም፣ ባሕሩ ነው የወረደው፣ ያውም 120 ሜትር ያህል። ውሃው በረዶ ሆኖ ሰሜን አሜሪካና ሰሜን አውሮፓ ላይ ተቆልሎ ነበር፤ የበረዶው ውፍረት በኪሎ ሜትር የሚለካ።

እሺ፣ ማን አየ? ያኔ የለካ ሰው የለም፣ የጻፈም የለም። ስቶክሆልም ላይ የባሕሩን ከፍታ በመደበኛነት መመዝገብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1774 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ከሞላ ጎደል በእማኝ ነው የሚታወቀው።

የመሬት ሙግት ያየ ሰው ይሄ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ድንበር ላይ እማኝ ሲጠራ መጀመሪያ የት ቆሞ እንዳየ ይጠየቃል። ቀጥሎ መቼ እንዳየ። ጠንከር ያለ ጠበቃ ካለ ደግሞ ሦስተኛ ይጨምራል፦ "የድንበሩ ድንጋይ ራሱ ከቦታው ተነቅሎ ቢሆንስ?" የጥንት ባሕርን ከፍታ የሚፈልጉ ሰዎች ሥራቸው በሙሉ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ኮራል፣ ጭቃና ቀንድ አውጣ ላይ መጠየቅ ነው። ሦስተኛዋ ላይ ነው ብዙዎቹ የሚወድቁት።

ከባሕር በፊት ግን ከራሳችን ሐይቅ እንጀምር። እዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለ፣ ታያላችሁ? የመስከረምና የጥቅምት ውሃ ያሰመረው ነው። ሰኔ መጀመሪያ ብትመጡ ውሃው ከዚያ መስመር ከአንድ ሜትር በላይ ወርዶ ታገኙታላችሁ። እዚህ ያደገ ሰው ይሄን ለማወቅ ሳይንስ አያስፈልገውም። አሁን ደግሞ ደንገሉን እዩት። ደንገል ደረቅ ሜዳ ላይ አይበቅልም፣ ጥልቅ ውሃም መሃል አይቆምም። እግሩን ነክሮ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የደንገል ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ባገኝ፣ "እዚህ ቦታ ያኔ ውሃው ጉልበት ያህል ነበር" ማለት እችላለሁ። እማኙ የት እንደቆመ ታወቀ ማለት ነው።

እና የደንገል ረግረግ ቅሪት የት ተገኘ መሰላችሁ? ሐይቁ መሃል። 14 ሜትር ውሃ፣ ከዚያ 10 ሜትር ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር።

ይህን ያወጡት ከአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ ናቸው፤ መሐመድ ኡመርና እሸቴ ደጀንም አሉበት። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መጀመሪያ ከጀልባ ላይ ድምፅ ወደ ታች ላኩ። ጋን አንኳኩታችሁ ጠላው የት ድረስ እንዳለ እንደምታውቁት በሉት፤ ድምፁ ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ይመለሳል። ከለስላሳው ጭቃ በታች ድርቅ ያለ ንጣፍ አገኙ። ከዚያ ረጅም ቱቦ አስገብተው ጭቃውን እንዳለ፣ ንብርብሩ ሳይዛባ፣ አወጡት።

አሁን ይሄን ጭቃ ከታች ወደ ላይ አብረን እንውጣው። ከሥር የደረቀና የጠጠረ ደለል አለ፣ ፀሐይ የመታው መሬት። ጣና ደርቆ ነበር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ጎደለ አላልኩም። ከዚህ ተነስቶ ጎርጎራ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በእግር ይኬድ ነበር፤ ደቅ ደሴት አልነበረም፣ ሜዳ መሃል ያለ ከፍታ ነበር። ከዚያ ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ደንገሉ ይመጣል። ረግረግ ሆነ። ቀጥሎ ውሃው ከፍ አለ፣ ግን አንድ ነገር ተበላሸ፦ ውሃው ትንሽ ጨው አለበት።

ጨው መሆኑን በምን አወቁ? በዳያተም። ዳያተም ውሃ ውስጥ የምትኖር፣ በዓይን የማትታይ አልጌ ናት። ልብሷ መስተዋት ነው፣ በእውነት መስተዋት፣ ሲሊካ። ሁለት ክፍል አላት፣ አንዱ በሌላው ላይ ይከደናል፤ በማይክሮስኮፕ መጀመሪያ ሳያት ትዝ ያለኝ የእናቴ አገልግል ነው። ስትሞት ሰውነቷ ይጠፋል፣ አገልግሏ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ ለሺህ ዓመታት። ደግሞም መራጭ ናት። አንዷ ዓይነት የውሃ ተክል ላይ ተለጥፋ ካልሆነ አትኖርም፣ ሌላዋ ክፍት ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ሌላዋ ጨው ቢጤ ካልቀመሰች አይሆንላትም። ስለዚህ ቆጥረህ ብቻ የውሃውን ጠባይ ታውቃለህ።

ጣና ያኔ ጨው ያለበት የሆነው መውጫ ስላልነበረው ነው። ወንዞቹ ይገባሉ፣ ፀሐይ ውሃውን ብቻ ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። ሻላንና አብያታን ያየ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት በድንገት የጨው ወዳጆቹ ዳያተሞች ይጠፋሉ፣ የጣፋጭ ውሃዎቹ ይመጣሉ። ሐይቁ ሞልቶ ከአፉ ፈሰሰ። ዓባይ ከጣና መውጣት ጀመረ፣ ከዚህ፣ ከኋላችሁ።

ይሄ ቀን ለእኔ ልዩ ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወደ ባሕሩ እንሂድ።

ካሪቢያን ውስጥ ባርቤዶስ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ አክሮፖራ ፓልማታ የሚባል ኮራል አለ፣ ቅርንጫፉ ሰፋፊ ቀንድ የሚመስል። ይሄ ኮራል ብርሃንና ሞገድ ይወዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ፊት አምስት ሜትር ሳይርቅ ነው የሚኖረው። የባሕር ደንገል በሉት። እ.ኤ.አ. በ1989 ሪቻርድ ፌርባንክስና ባልደረቦቹ ከደሴቲቱ ዳር የባሕሩን ወለል ሰርስረው ይሄንኑ ኮራል ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ሞቶ፣ አገኙት። ሰምጦ አይደለም፤ ባሕሩ እዚያ ነበር። ውሃው ሲወጣ ኮራሉ አዲስ ልጅ ከላይ እየተከለ ሲከተለው፣ መሰላሉ እንዳለ ቀርቷል።

"መቼ" ለሚለው ጥያቄ ብዙ አላደክማችሁም። የተክልና የዛጎል ዕድሜ በካርቦን ይለካል፤ የካርቦን 14 ግማሹ በ5,730 ዓመት ስለሚያልቅ ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ ብዙ አይረዳም። ኮራል ግን ሲያድግ ከባሕሩ ዩራኒየም ይወስዳል፣ ያም ቀስ እያለ ወደ ቶሪየም ይለወጣል፤ በዚህ መለኪያ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ድረስ መሄድ ይቻላል።

በኋላ ታሂቲ ላይ የተሠራው ይበልጥ ጠራ ያለ ነው። ባሕሩ ከ14,650 ዓመት በፊት ጀምሮ በ350 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ14 እስከ 18 ሜትር ዘሎ ወጥቷል። በአንድ ምዕተ ዓመት ከአራት ሜትር በላይ! አሁን የምንጨነቅበት ፍጥነት በዓመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያኔ ከ40 በላይ ነበር።

አሁን ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጣና ሞልቶ የፈሰሰው ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት፣ ባሕሩ የዘለለው ከ14,650 ዓመት ገደማ በፊት። የመለኪያው ስህተት ሲጨመር አንድ ሰሞን ናቸው። ሰሜኑ የምድር ክፍል በዚያ ዘመን በድንገት ሞቀ፤ በረዶው ቀለጠ፣ የእኛም ክረምት በረታ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ሳይቀር ደርቆ ቆይቶ በዚያው ሰሞን ነው ሞልቶ መፍሰስ የጀመረው። እዚህ ቱቦ ውስጥ ያለች አንዲት አገልግልና ታሂቲ ያለ ኮራል፣ በአንድ ጉዳይ የተጠሩ፣ የማይተዋወቁ እማኞች ናቸው። ቃላቸው ገጠመ። እኔ በዚህ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም።

ቶሎ እንዳንደሰት ግን። ተማሪ ሳለሁ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከጓደኛዬ ጋር የውሃ መስመር የፕላስቲክ ቱቦ ገዝተን፣ ረግረጉ ላይ በመዶሻ እየቀጠቀጥን አንድ ሜትር አስገባነው። ስናወጣው ውስጡ ያለው ጭቃ 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ሠላሳው የት ገባ? መጀመሪያ ከታች የፈሰሰ መስሎን እርስ በርስ ተጣላን። የትም አልሄደም፣ ተጨምቆ ነው። እኔ ግን ሳላስተውል ጥልቀቱን ሁሉ ከዚያ 70 ላይ ለክቼ ሪፖርት አደረግኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር የጻፉበት፦ "ቱቦውስ?"

ይሄ ባሕር ዳርቻም ላይ ያለ ችግር ነው። የረግረግ አፈር የላይኛው ደለል ሲከብደው ይጨመቃል፣ ይወርዳል። አንተ ከበቀለበት ዝቅ ብሎ ታገኘዋለህ፣ "ባሕሩ እዚህ ድረስ ወርዶ ነበር" ትላለህ፣ ተሳሳትክ። ለዚህ ነው ጠንቃቆቹ አለት ላይ በቀጥታ ያረፈውን የረግረግ አፈር የሚመርጡት፤ አለት አይጨመቅም።

የባሰው ግን የድንበሩ ድንጋይ ራሱ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ጣሊያን ውስጥ ፖዙዎሊ የሚባል ከተማ ሦስት የእብነ በረድ ምሰሶዎች ቆመዋል፣ የሮማውያን ገበያ የነበረ። ምሰሶዎቹ ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብለው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሳስተዋል። የበሳቸው ድንጋይ የሚበላ የባሕር ዛጎል ነው። ዛጎል ደግሞ ደረቅ ምሰሶ ላይ አይወጣም። ባሕሩ እዚያ ድረስ ወጥቶ ወርዷል ትላላችሁ? ከሆነ የሜዲትራኒያን ከተሞች ሁሉ አብረው መስጠም ነበረባቸው፤ አልሰጠሙም። ከከተማው ሥር እሳተ ገሞራ አለ፣ መሬቱ እንደሚተነፍስ ደረት ወርዶ ወጣ፣ ምሰሶዎቹም ሳይወድቁ አብረው ወርደው ወጡ። ስዊድን ደግሞ በረዶው ተጭኗት የኖረች አገር ናት። ሰው የተነሳበት ፍራሽ ቀስ ብሎ እንደሚመለስ፣ ሰሜናዊ ዳርቻዋ እስካሁን በዓመት ወደ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ይነሳል። እዚያ ቆመህ ባሕሩን ከለካህ ባሕሩ እየወረደ ነው ትላለህ።

አሞሌዋ የት ደረሰች? አሳዩኝ። እሺ፣ አዙሯት።

ይቺ ከአፋር፣ ከዳናክል ነው የመጣችው። ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትርና ከዚያም በላይ የወረደ መሬት። አያቶቻችን በግመልና በበቅሎ እያስጫኑ፣ በአሞሌ በሬ እየገዙ ኖረዋል፤ የባሕር ቁራጭ በኪሳቸው ይዘው እንደሚዞሩ ግን አላወቁም። ዳናክል ጠርዝ ላይ ኮራል አለ። እውነተኛ የባሕር ኮራል፣ ግመል እያለፈበት። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የዛሬውን በሚመስል ሞቃት ዘመን፣ ባሕሩ ከአሁኑ ከ6 እስከ 9 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ቀይ ባሕር በሰሜን በዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል ዳናክል ውስጥ ገባ። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ዙላ አጠገብ፣ ኤርትራ ውስጥ አብዱር የሚባል ቦታ ላይ፣ በዚያው ዘመን ሰው የሠራቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ከኮራሉ ጋር ተቀብረው ተገኝተዋል። ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ዛጎል የሚበላ ሰው ነበር ማለት ነው፤ ከእኛ በፊት።

ታዲያ የዳናክልን ኮራል ከፍታ ለክቼ የጥንቱን ባሕር ከፍታ ልንገራችሁ? በፍጹም። አፋር መሬቷ የሚሰነጠቅ፣ የሚሰምጥ፣ የሚነሳ አገር ነው። በቅሎ ላይ ተቀምጦ ስለ ድንበር የሚመሰክር ሰው በሉት። ባሕር መግባቱን ይነግርሃል፣ እስከ የት እንደደረሰ ግን በቅሎዋን ጠይቅ።

ይሄን ጣጣ በብልሃት ያለፉት ቀይ ባሕር ላይ የሠሩት ናቸው፤ እኔ እንደውም ከሁሉም ይሄን ነው የማደንቀው። ቀይ ባሕር ማለት አንገቱ የጠበበ ጋን ነው። በባብ ኤል መንደብ በኩል ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው ደፍ 137 ሜትር ብቻ ነው ጥልቀቱ። ውስጡ ይረባል የሚባል ወንዝ አይገባበትም፣ ፀሐይ ደግሞ በዓመት ሁለት ሜትር ገደማ ታተነዋለች። የዓለም ባሕር 120 ሜትር ሲወርድ ደፉ ላይ የቀረው ውሃ ጥቂት ሆነ፤ የሚገባው አነሰ፣ ጨውነቱ ጨመረ። በዚያ ጊዜ ከሺህ 50 እጅ በላይ ደርሶ ነበር፣ የተለመደው የባሕር ውሃ 35 ነው። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት የኖራ ቅርፊት ያላቸው ደቂቅ ፍጥረታት ከብዙው ቦታ ጠፉ። የተረፉት ቅርፊት ውስጥ ያለው የኦክስጅን ዓይነት ግን የጨውነቱን ልክ ይዞ ቀረ፣ ከጨውነቱ የደፉ ውሃ ይሰላል፣ ከደፉ ውሃ የዓለም ባሕር ከፍታ። ሜትር ይዞ ዳርቻ ለዳርቻ የዞረ የለም። ወጡን ቀምሰው ድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ አወቁ።

እስቲ ጥያቄ።

አንድ አባት ከኋላ ተነሱ። ዓሣ በማስገር የኖሩ ናቸው፣ እጃቸው ይናገራል። "መምህር፣ እንዳልከው ደርቆ ከነበረ፣ ይሄ ነጭ ዓሣ፣ አምባዛው፣ ቆሮሶው ከየት መጣ?"

አባባ፣ ይሄን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም የሚጠይቁት አሉ። ከታች በዓባይ ወጣ እንዳንል ጢስ ዓባይ አለ፣ 40 ሜትር ያህል ገደል፤ ዓሣ አይወጣውም። ድምፅ የላኩት ሰዎች ግን በደረቁ ወለል ላይ ጎርፍ የቆፈራቸው ቦዮች አይተዋል። ሐይቁ ደርቆም በክረምት ውሃ ይወርድ ነበር ማለት ነው። ከወንዞቹ በአንዱ፣ ላይ ላይ ባለ ኩሬ ተርፎ መሆን አለበት ብዬ ነው የማስበው። ነጭ ዓሣው ዛሬም ብዙው ዘሩ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች እንደሚወጣ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

"እሱስ ልክ ነው" አሉ። "ክረምት አፉ ላይ ጠብቀን ነው የምንይዘው።" ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው "ባንጠብቀው ነበር የሚሻለው" ብለው ተቀመጡ።

ቅድም 1,800 ያለው ልጅ እጁን አወጣ። "ጣና ድጋሚ ይደርቃል?"

ልጄ፣ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከሁሉ የሚጠልቀው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ አራት ፎቅ ቤት አስገብተህ ቆርቆሮው አይሰምጥም። ስለዚህ ቶሎ ይሰማዋል። በ1995 ሰኔ ላይ በጣም ወርዶ ጀልባዎች ቆመው ነበር፣ የተራቆተው ዳር ላይ እህል የዘራም ነበር፤ እዚህ ካላችሁት የምታስታውሱ አላችሁ። ዝናቡ አንሶ ነበር። ግን ዝናቡ ብቻ አይደለም። ከ1988 ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በር አለው፣ ለመብራት ሲባል የሚከፈትና የሚዘጋ። ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ቱቦ አስገብቶ የ1995ን ጭቃ አውጥቶ "ድርቅ ነበር" ቢል ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ሌላው ግማሽ በሩን የከፈተው እጅ ነው፣ እሱን ዳያተም አትመዘግበውም። እንግዲህ እኛም 16 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ስናይ እንዲህ ያመለጠን ነገር ስንት እንደሆነ አስብ።

መብራቱ መጣ። አሁን ምን ያደርግልኛል፣ ልንበተን ነው።

አሞሌዬንስ? ስጡኝ። ... አንድ ጥግ የላትም! ማነው? ተውት፣ ግድ የለም። 125 ሺህ ዓመት የቆየ ባሕር ነው፣ ዛሬ ማታ አንዱ ቤት ሽሮ ላይ ይገባል።